ያልተነሳው ግራ ክንድ

ክትባቱ የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የነቀምቴ አቧራ ከጫማ አልፎ ጥርስ ውስጥ በሚገባበት በደረቁ ወራት። በገጠሩ ማጅራት ገትር ገብቷል ተባለና ቀበሌያችን ነዋሪውን በሙሉ ባኬ ጃማ ሰፈር በሚገኘው አዳራሹ ደጃፍ አሰለፈን። ያልተከተበ የወሩን ስኳር አያገኝም ስለተባለ የቀረ ሰው አልነበረም። ጋቢውን የተከናነበ ሽማግሌ፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ ከገበያ የተመለሱ ሴቶች፣ ሁላችንም ግራ እጅጌያችንን ሰብስበን ፀሐይ ላይ ቆምን።

ግራውን የመረጠችው ነርሷ ናት። «የምትሠሩት በቀኛችሁ ነው፤ ግራው ይመም» አለችን። ቁጡና ቃሏ አጭር የሆነ ሴት ነበረች፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ወግታ ጥጡን ካስያዘች በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ያንኑ ምክር ትደግማለች፤ «ያብጣል፣ ያማል። እንዳትፈሩት። አንሱት፣ አውርዱት፣ አሠሩት። አቅፋችሁት እንዳትቀመጡ።» አማርኛ ለማይሰማው ደግሞ በኦሮምኛ ትለዋለች። በሁለቱም ቋንቋ ተቆጪ ናት።

የኔ ክንድ ሳይመሽ አበጠ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መጣል እንኳ ጣር ሆነብኝ፤ ሻሽ ማሰር የሁለት እጅ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። በማግሥቱ አንዷ ጎረቤቴ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች፣ ሌላዋ በሞቀ ጨው ካልተተኮሰ ብላ ሙጭጭ አለች፣ ባለሱቁ አስፕሪን ላከልኝ። ቅቤው ከሽታው በቀር የጨመረልኝ ነገር የለም። የበጀኝ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅና የሲስተር ቁጣ ነው። ጨርቁን ደጋግሜ አስሬ በረድ ሲልልኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ልብስ አጠብኩና ያጠብኩትን በዚያው በግራዬ ገመድ ላይ ሰቀልኩ። የመጀመሪያውን አንሶላ ስሰቅል እንባዬ መጣ። የመጨረሻውን ስሰቅል ሲስተርን እየተሳደብኩ ነበር። እኔ መሳደብ ከጀመርኩ እየተሻለኝ ነው ማለት ነው። በሳምንቱ ሕመሙ እንደነበረም ረሳሁት።

የባለቤቴ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። ለምን እንዳላለፈ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

በደርግ ጊዜ ያልኖረ ሰው የግራ እጅን ነገር አያውቀውም። በየስብሰባው መክፈቻና መዝጊያ ሕዝቡ ይቆማል፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ያነሳል፣ ከመድረክ የሚወርደውን መፈክር ይመልሳል። «ትቅደም!» ሲባል ትቅደም፣ «ይውደም!» ሲባል ይውደም። እጁን ያላነሳ ሰው ከሩቅ ይታያል። ባለቤቴ አያነሳም ነበር።

ልብስ ሰፊ ነው። የሲሬ ልጅ፣ ከነእናቱ ጴንጤ፣ ከሰፋው ልብስ ላይ አንዲት የተዛነፈች ጥልፍ ካየ ሙሉውን የሚተረትር ሰው። እኔ ደግሞ አባቴ ከጎጃም በፖሊስነት የመጣ፣ በጾምና በታቦት ያደግኩ ነኝ። ወድጄው እስከ ጸሎት ቤቱ ተከተልኩት እንጂ አንድ እግሬ ሁልጊዜ ውጭ ነበር። «ለጌታ የማነሳውን እጅ፣ ሰው ይውደም ለማለት አላነሳውም» አለ። ጸሎት ቤታቸው ታሸገ፣ እሱም ታሰረ። ሲመለስ ያገባሁት ሰው ግማሹ ነበር የመጣው። እዚያ የሆነውን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ሆድ ይፍጀው።

የተፈታው በዋስ ነው። ዋሱ፣ ባለቤቴ በሱቁ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋበት ባለሱቅ ነበር፤ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የሸበተ ሙስሊም። ሲፈርም የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ይህ ሰው ዳግመኛ እጁን ሳያነሳ ከተገኘ፣ አንተም አብረኸው ትገባለህ» አለው። ባለሱቁ ሚስት አለችው፣ ያልደረሱ ልጆች አሉት። ወደ ባለቤቴ ዞሮ ምንም ቃል አላስገባውም፣ «እሺ» ብሎ ፈረመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ቤት በአንድ ግራ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው። ባለቤቴም ያስበው እንደነበር አውቃለሁ፤ ያቺን እጅ ግን አነሳለሁ ብሎኝ አያውቅም።

ከእስር ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ስብሰባ የተጠራው ክትባቱ በተሰጠ ማግሥት፣ እሑድ ጠዋት ነው። ስብሰባ ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት ነበር፤ ለምን እሑድ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ «ትቅደም!» አለ። ሕዝቡ ተነሳ፣ እጁ ግን አልነሳ አለ። አንዱ እስከ ደረቱ፣ ሌላው እስከ ጆሮው ያደርስና «እህ» ብሎ ይመልሰዋል። አንዲት አሮጊት ግራ ክንዳቸውን በቀኛቸው ደግፈው ሽቅብ ሲገፉ አየሁ። ቀኙን ያነሳ ሰው ላይ አብዮት ጠባቂው ጮኸበት። ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማና ወዲያው ታፈነ። እኔ የኔን አነሳሁ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ አላወረድኩትም። ባለቤቴ ከጎኔ እጁን ቁልቁል ለቆ ቆሟል።

ሊቀመንበሩ ከመድረክ ወርዶ ፊቱ ቆመ። «ጓድ ልብስ ሰፊ፣ አንተስ?»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። ቀደምኩት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ክትባቱ ክፉኛ አብጦበት ነው። ይዩት እስቲ!» ብዬ እጅጌውን ሰብስቤ አሳየሁት። እብጠቱ እውነት ነበር፤ ቀልቶ፣ ተወጥሮ፣ ሲነኩት ይግላል። ሊቀመንበሩ ራሱ የተወጋበትን ክንዱን በቀኝ እጁ እያሻሸ ነበር የሚያየው። «ደህና፣ ሲሻልህ እናያለን» ብሎ ወደ መድረኩ ተመለሰ። ወደ ቤት ስንሄድ ልቤ ሌላ ነገር እየጎነጎነ ነበር።

በሳምንቱ የሁሉም ክንድ ዳነ፣ የሱም። እኔ ግን ከሚሰፋው ካኪ ቁራጭ አንስቼ፣ እጁን አጥፎ ከአንገቱ የሚያንጠለጥል ማሰሪያ ሰፋሁለት። ስፌቴ እንደ ዶሮ ጭረት ነው። ተቀብሎ አገላብጦ ተመለከተው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ማሰሪያ ነዋ።»

«ክንዴ እኮ ድኗል።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም አልነገርኩም። ግን አልዋሽም።»

«ማን ዋሽ አለህ? አንተ ዝም በል። ውሸቱን ለኔና ለጨርቁ ተወው» አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። «ለኔ ባታዝን፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ስኳር ለሚልሱት ልጆች እዘን። አባታቸውን በአንተ ጽድቅ ልታሳስር ነው?»

ይህ ገባው። አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ፤ አሰርኩለት። ልብስ ሰፊ ሆኖ ያቺን የተጣመመች ስፌት አንገቱ ላይ ማንጠልጠሉ ያንገበግበው ነበር፤ ፈትቶ እንዲያስተካክላት ብነግረውም እምቢ አለ። «እኔ ከሰፋኋት የኔ ውሸት ትሆናለች» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የኖርኩት።

የልብስ ሰፊ ሥራ ለዚህ ይመቻል ብል ማን ያምነኛል? ክንዱ ከጎኑ ተጣብቆም ጣቶቹ ጨርቁን ይመራሉ፣ እግሩ መኪናውን ይረግጣል፣ ቀኙ ይዘውራል። የሚቸግረው ልኬት ነበር። ረጅም ሰው ሲመጣ በርጩማ ላይ ያስቀምጠውና ትከሻውን በአንድ እጁ ይለካል፣ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ደንበኛው ራሱ ይይዝለታል። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲለካ ነቀምቴ ላይ ተቀምጦ የሚለካው የሱ ደንበኛ ብቻ ነው ብለው ይሥቁ ነበር። ክንዱን የጠየቀውን ሰው ባለቤቴ አይመልስለትም፤ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ያጎነብሳል። መልሱን እኔ ወይም ባለሱቁ ነን የምንሰጠው። ባለሱቁማ እስኪበቃው ያደምቀው ነበር፤ «ወላሂ፣ ሲነኩት እንደ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው!» ይላል፣ ባለቤቴም ያኔ ጆሮው ድረስ ይቀላል።

ስብሰባው መጣ፣ ሄደ። እጅ ይነሳል፣ የሱ ካኪው ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ያየዋል፣ ያልፈዋል።

እኔ ያሰብኩት ቤት ሲገባ ይፈታዋል ብዬ ነበር። በሩን ዘግተን፣ ጨርቁን ሚስማር ላይ ሰቅለን፣ እንደ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ይበላል፣ ያቅፈኛል። አልፈታም አለ። በመጀመሪያው ማታ አንጓውን ልፈታ ብዘረጋ እጄን ያዘኝ።

«ቤት ውስጥ ከፈታሁት፣ ውጭ ሳስረው ውሸት ይሆናል። እጄን አላነሳም ብያለሁ፤ አላነሳም። ለማንም አላነሳም፣ አንቺም ጋ ቢሆን።»

«እብድ ነህ!»

«ልሁን።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ሲስተር አሠሩት ብላለች አልኩት። የኔ ክንድ የዳነው ስላሠራሁት መሆኑን ነገርኩት። ሲታጠብ ይፈታዋል፤ ያኔም ክንዱን ከጎኑ አይለየውም፣ ሸሚዙን እኔ ነኝ የማለብሰው። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን ቁልቁል አሾልኬ። ሰው «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላል። የኛው ግን እያደር ከበደን። አንዳንዴ ሲተኛ ፊቱ ጭፍግግ ይልብኝ ነበር። ያመው እንደሆነ ብጠይቀው «ደህና ነኝ» ይላል፤ እኔም ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው ብዬ አምናለሁ። የማይዋሽ ሰው ሚስት መሆን ይህ ክፋት አለው፣ መጠርጠር ያስረሳል።

ዝናቡ ሲገባ እናቱ ከሲሬ በአውቶቡስ መጡ። ለልጃቸው ማሰሮ ሙሉ ቅቤ ይዘው፣ ገና ከደጅ ሳሉ ዓይናቸው ካኪው ላይ አረፈ።

«ኢልማ ኮ፣ ሀርኪ ኬ ሲ ዱኩባ?» አሉት፤ ልጄ፣ ክንድህ ያምሃል?

ለኔ እንደሚለው ደህና ነኝ ሊላቸው ይችል ነበር፤ ታዲያ ለምን ታስራለህ ቢሉት መልስ የለውም። ያመኛል እንዳይላቸው ደግሞ፣ ያሰረው ስላመመው አይደለም። ወደ መሬት ተመለከተና «ዋቃዮቱ ቤካ፣ አዮ» አለ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እማዬ። እሳቸው ከዚህ በኋላ አልጠየቁትም። በሰነበቱበት ጊዜ ሁሉ ግን ቅቤ በእጃቸው አቅልጠው፣ ከካኪው ሥር ክንዱን ያሹለት ነበር። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይታሻል። ያን ሳይ ለማልቀስም ለመሣቅም ይዳዳኝ ነበር። የሄዱ ዕለት ጆሮዬን ጠጋ ብለው፣ እንዲህ ተጣብቆ እንዳይቀር በርቺበት አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ከዚያ በኋላም በርትቼበታለሁ፤ ድንጋይ ላይ ነው የበረታሁት።

የአብዮቱ በዓል ሊደርስ ሲል ከተማው በሙሉ ሰልፍ መለማመድ ያዘ። በዚያ ሰሞን አብዮት ጠባቂው ወደ ሱቁ መጣና ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱና ዋሱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንዲቀርቡ ታዘዋል አለን። ባለሱቁ የሱቁን በር ዘጋ። ቁልፉን ለሚስቱ ሰጣት። እሷም ስትቀበለው ሁለት ጊዜ ጣለችው።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ሲስተር ቆማለች። ሌላውን ሁሉ በአፌ ላመልጠው እችላለሁ፤ ክንድ የምታውቅን ሴት ግን በምን አታልላታለሁ?

«የዚህ ቀበሌ ሰው ሁሉ ክንድ ድሮ ድኗል» አለ ሊቀመንበሩ፣ ሳይጮህ። «የጓድ ልብስ ሰፊ ብቻ ከበጋ እስከ ክረምት አልዳነም። በሰልፉ ላይ የበላይ አካል ይገኛል፤ እጁ ሳይነሳ የቆመ ሰው ካዩ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ሲስተር፣ ተመልከቺውና እውነቱን ንገሪኝ። የሚነሳ ከሆነ እዚሁ አሁን ያነሳል። እምቢ ካለ እሱም ዋሱም ይገባሉ።»

ሲስተር በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ማሰሪያዬን ፈታች። ክንዱ ታጥፎ እንደነበረ ቀረ፤ ቀስ ብላ ዘረጋችው። ባለሱቁ በከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል። እኔ በልቤ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ፤ የጴንጤ ሚስት መሆኔን በዚያች ሰዓት ረስቼዋለሁ። ባለቤቴን በዓይኔ ለመንኩት። ዋሽ አልኩት። አንዴ ብቻ፣ ለኔ ስትል ዋሽ። ሊያነሳው እንደማይሻ አውቃለሁ፤ ታሞ እንደሆነ ሲጠይቁት ደግሞ አልታመምኩም እንደሚል አውቃለሁ። የዚያ መጨረሻ የት እንደሆነም አውቃለሁ።

ሲስተር በአንድ እጇ ትከሻውን ተጭና፣ በሌላው ክርኑን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው።

ባለቤቴ ጮኸ። «አዮ!» ብሎ እናቱን ጠርቶ ጮኸ። እስር ቤት ሳለ እንኳ እንዲህ ጮኾ ይሆናል ብዬ አላስብም። ከበርጩማው ተንሸራትቶ በጉልበቱ ወደቀ፣ ላብ ግንባሩን አጠመቀው።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ ነው። ዋሸልኝ! ያ ድንጋይ ሰው በመጨረሻ ለኔና ለዚህ ምስኪን ባለሱቅ ሲል ዋሸ፤ ሲዋሽም እንዴት አድርጎ ዋሸ! ላቅፈው ቃጣኝ።

ሲስተር እንደገና ሞከረች፣ በጎን፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። እሱም እንደገና ጮኸ። ከዚያ ክንዱን ወደ ቦታው መለሰችና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«ይህ ክንድ አይነሳም» አለች። «እኔም ላነሳው አልቻልኩም።»

ሊቀመንበሩ ጥቂት ተመለከተው። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ይመስለኛል፤ እሱም ሰው ነው፣ እሱም የሚፈራው ነበረው። «እንግዲያው በሰልፉ ላይ ከኋላ ይቁም» ብሎ በእጁ አሰናበተን።

ሲስተር በር ድረስ ተከተለችኝ። «መርፌዬ አይደለም ይህን ያደረገው» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ክንድ ታስሮ ይህን ያህል ጊዜ አይቀመጥም። ምነው ሳታንቀሳቅሱት ቀራችሁ?» እኔ ግን ገና በደስታዬ ውስጥ ነበርኩ፤ የነገረችኝን በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልሰማሁትም። እሷም በትያትሩ የገባች፣ ለኛ ያዘነች መስሎኝ እጇን ጨብጬ አመሰገንኳት። እንግዳ ሰው አየሁ በሚል ዓይን አየችኝ።

ባለሱቁ ወደ ቤቱ ሮጠ ማለት ይቻላል። እኛ በዝናብ የራሰውን ኮረብታ ቀስ ብለን ወረድን። ካኪው በእጄ ነው፣ ባለቤቴ በቀኝ እጁ ግራውን አቅፏል። ማንም የማይሰማን ቦታ ስንደርስ ሣቄ አመለጠኝ።

«ጎሽ! ዛሬስ ዋሸህልኝ» አልኩት። «እንዲህ መጮህ እንደምትችል ባውቅ ኖሮ በበጋው ነበር የማስጮህህ።»

አልሣቀም። ቆመና አየኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«አልዋሸሁም» አለኝ።

እዚያው መንገድ ላይ እጄን ክርኑ ሥር አስገብቼ፣ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቄ ወደ ላይ ገፋሁት። ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተጨማሪ ልገፋ ስል ጥርሱ ሲፋጭ ሰማሁ፣ ተውኩት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተመኝቻለሁ፤ የባለቤቴን አንዲት ቃል ውሸት በሆነች ብዬ የተመኘሁትን ያህል ግን የተመኘሁት ነገር የለም።